ጥቅሙ ለማን? ጉዳቱስ በማን ላይ? የኸምር ሂሳብ ከመዲና እስከ ለንደን፣ ከለንደን እስከ አርሲ ነጌሌ



ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ «ለጓደኛዬ ነው የምጠይቀው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኸምር ሐራም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቁርኣን ራሱ ጥቅም እንዳለው ይናገር የለ? ሐኪሞችስ ትንሽ ትንሽ ለልብ ጥሩ ነው ይሉ የለም እንዴ?» ይለናል።

ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሊገሰጽ አይገባም። ጥያቄው የተነሳው ከራሱ ከአያው ነው። በሱረቱል በቀራ 219ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ኸምርና ቁማር ለሰዎች ጥቅም ያላቸው መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ጥፋታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነገረን። ይህ ማለት ጉዳዩ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ በአንድ በኩል ገቢ፣ በሌላ በኩል ወጪ አለ።

እኛም ዛሬ ይህንን ሂሳብ በታሪክ ልንሠራው አስበናል። ብዙዎቻችን ስንሠራው የምንረሳው አንድ ነገር አለ። ጥቅሙን የሚያገኘው ሰውና ጉዳቱን የሚከፍለው ሰው አንድ አይደሉም። እስኪ ከመጀመሪያው እንነሳ።

1. መዲና፦ ኸምር በመንገድ የፈሰሰበት ቀን

ከእስልምና በፊት ኸምር የዐረቦች የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ነበር። ይነገድበታል፣ እንግዳ ይስተናገድበታል፣ ይፎከርበታል። ስለዚህ ክልከላው በአንድ ቀን አልወረደም። በቅድሚያ በበቀራው አያ ሂሳቡ ተነገረ። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ 43ኛው አያ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው ጠጥቶ የሚሰክርበት ጊዜ እያጠረ ሄደ ማለት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸምር ጉዳይ ቁርጥ ያለ መልስ እንዲመጣ ዱዓ ያደርጉ ነበር። በመጨረሻም ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛውና 91ኛው አያዎች ቁርጡ መጣ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 91ኛው አያ ለክልከላው ያነሳቸውን ምክንያቶች ልብ ብላችሁ አንብቡ። ሸይጧን በሰዎች መካከል ጠብንና ጥላቻን እንደሚጥልበት፣ ከአላህ ዚክርና ከሶላት እንደሚያዘናጋበት ነው የሚነግረን። የጠጪው ጉበት ወይም ሆድ አልተነሳም። ጉዳቱ ከጠጪው አልፎ ወደ ጎረቤቱ እንደሚሻገር ከመጀመሪያው ተነግሮናል።

የዚያን ቀን ሁኔታ የነገሩን አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ናቸው። በእንጀራ አባታቸው በአቡ ጦልሓ ቤት ለተሰበሰቡ ሶሐቦች ከቴምር የተዘጋጀ መጠጥ እየቀዱ ነበር። ከውጭ የለፋፊ ድምፅ ተሰማ። ኸምር ሐራም መሆኑ ሲታወጅ አቡ ጦልሓ መጠጡን አውጥቶ እንዲደፋው አዘዙት። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ያን ቀን ኸምር በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። ቤት ለቤት የሚፈትሽ ወታደር አልተላከም። ልቦች ለዓመታት ተዘጋጅተው ስለነበር አንድ አዋጅ በቃ።

ምናልባት «ያ የወይን ጠጅ ነው፣ የእኛ አገር ጠጅና ጠላ ሌላ ነው» የሚል ይኖራል። ዑመር (ረ.ዐ) በሚንበር ላይ ቆመው ይህን ዘግተውታል። ክልከላው ሲወርድ ኸምር ከአምስት ነገሮች ይሠራ እንደነበር ዘርዝረዋል፦ ከወይን፣ ከቴምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ። ኸምር ማለት አእምሮን የሚሸፍን ሁሉ መሆኑንም አስረድተዋል። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪይም (ረ.ዐ) የመን ውስጥ ስለሚጠጡ ሁለት መጠጦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀዋል። አንዱ ከማር የሚሠራው ቢትዕ፣ ሌላው ከገብስ የሚሠራው ሚዝር ነው። መልሱ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው የሚል ነበር። የማሩ የእኛ ጠጅ ዘመድ ነው፤ የገብሱ ደግሞ የጠላና የቢራ።

ሌላም አለ። ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ምክንያት አሥር ሰዎችን ረግመዋል። ከነዚህ ውስጥ ጠጪው አንዱ ብቻ ነው። የሚጨምቀው፣ የሚያስጨምቀው፣ የሚሸከመው፣ የሚሸጠው፣ ዋጋውን የሚበላው ሁሉ አሉበት። ሂሳቡ የሚሠራው በአንድ ብርጭቆ ላይ ሳይሆን በሰንሰለቱ ሁሉ ላይ ነው።

2. ለንደን፦ ሂሳቡ በወረቀት የተመዘገበበት ከተማ

አሁን ከመዲና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተሻግረን ወደ እንግሊዝ እንሂድ። ለምን እንግሊዝ? ምክንያቱም እዚያ የነበሩ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ክልከላውን አላነበቡም። መጠጥን «ይጠቅማል» ብለው በሕግ አበረታቱት፤ ከዚያም ያስከፈላቸውን በራሳቸው እጅ መዝግበው ተዉልን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሆላንዱ ዊልያም በ1689 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። አገሪቱ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ የፈረንሳይ ብራንዲ እንዳይገባ ታገደ። በ1690 ደግሞ ከአገር ውስጥ እህል አረቄ ማውጣትን የሚያበረታታ ሕግ ወጣ። ፓርላማ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለመሬቶች ነበሩ። የተረፈ እህላቸው ገዢ አገኘ፤ አረቄ አውጪው አተረፈ፤ መንግሥትም ቀረጥ ሰበሰበ። ጥቅም አለው ያሉት አልዋሹም፤ ጥቅም ነበረው።

የሚወጣው መጠጥ ጂን ይባላል። የጥድ ዝርያ በሆነ ተክል ፍሬ የሚቀመም ጠንካራ የእህል አረቄ ነው። ዋጋው እጅግ ረከሰ። በመጠጥ ቤት ብቻ ሳይሆን በሸቀጥ ሱቅ፣ በምድር ቤት፣ በየመንገዱ በጋሪ ይሸጥ ነበር። በ1680ዎቹ በዓመት ቀረጥ የሚከፈልበት የአገር ውስጥ አረቄ ግማሽ ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ነበር። በ1743 ወደ 8 ሚሊዮን ጋሎን ደረሰ። አንድ ጋሎን አራት ሊትር ገደማ ነው፤ ሂሳቡን ለእናንተ እንተወው።

ወጪው መታየት ሲጀምር መጀመሪያ የጮሁት ሐኪሞች ነበሩ። በ1726 የለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ ለፓርላማ አቤቱታ አቀረበ። ከአቤቱታው ነጥቦች አንዱ ከጠጪዎች የሚወለዱ ልጆች ደካማና በሽተኛ መሆናቸው ነው። በዚያው ዓመት አረቄ አውጪዎችን የሚከላከል አንድ ጽሑፍ ወጣ። የጻፈው «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የደረሰው ዳንኤል ዴፎ እንደሆነ ይነገራል። ዋናው መከራከሪያው የገበሬው እህል ገበያ ማግኘቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ይኸው ዴፎ እናቶች በሚጠጡት ጂን ምክንያት መጪው ትውልድ ቀጫጫ ሆኖ እንዳይቀር ሰግቶ ጻፈ። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የሂሳቡን ሁለት ገጾች አነበበ ማለት ነው።

በ1734 የሆነው ደግሞ ከተማዋን አስደነገጠ። ጁዲት ዱፎር የምትባል ድሃ ሴት የሁለት ዓመት ልጇን ከድሆች መጠለያ ወሰደቻት። መጠለያው ለሕፃኗ አዲስ ልብስ አልብሷት ነበር። እናቲቱ ልጇን ገድላ ልብሱን ሸጠች፤ በገንዘቡም ጂን ጠጣች። ፍርድ ቤት ቀርባም በስቅላት ተቀጣች። ይህንን የምንጽፈው ለማስደንገጥ አይደለም። ያቺ ሕፃን አንድም ጠብታ አልጠጣችም፤ የእህሉንም ዋጋ አልተካፈለችም፤ ሂሳቡን የከፈለችው ግን እሷ ናት።

መንግሥት በ1736 ከባድ ሕግ አወጣ። ጂን ለመቸርቸር በዓመት 50 ፓውንድ የፈቃድ ክፍያ፣ በጋሎን ደግሞ 20 ሺሊንግ ቀረጥ ተጣለ። ይህ ለትንሽ ቸርቻሪ የማይታሰብ ገንዘብ ነበር። ውጤቱስ? ፈቃድ ያወጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሽያጩ ግን በስውር ቀጠለ። ለጠቋሚዎች ገንዘብ ይከፈል ስለነበር ሕዝቡ ጠቋሚዎችን መንገድ ላይ ይደበድብ ጀመር። በ1743 መንግሥት ለጦርነት ገንዘብ ፈለገና ሕጉን አላላው። በላይኛው ምክር ቤት የነበሩ ጳጳሳት ተቃወሙ፤ ግን አልተሰሙም። የመንግሥት ካዝና ራሱ የመጠጥ ሱሰኛ ሆኖ ነበር።

በ1751 ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት «የጂን መንደር» የሚባለውን ሥዕል አሳተመ። ሰክራ የተቀመጠች እናት ልጇ ከእጇ ሲወድቅ እንኳ አላስተዋለችም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ሽያጩን በተሻለ ሁኔታ ገደበ። በ1757 ደግሞ መከር ከፋ፤ የዳቦ ዋጋ ናረ። ያኔ መንግሥት ከእህል አረቄ ማውጣትን አገደ፤ እገዳው እስከ 1760 ቆየ። የጂን ፍጆታውም በእጅጉ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። በጥጋብ ዘመን «ትርፍ እህል ነው» ተብሎ ወደ አረቄ ተቀየረ። ረሃብ ሲመጣ ግን ጂኑና ዳቦው ከአንድ ጎተራ እንደሚወጡ ሁሉም አየ። በፍትሕ ለመናገር የለንደን ድሆች መከራ ሁሉ ከጂን አልመጣም። ድህነት፣ የቆሸሸ ውሃ፣ ጠባብ ቤትና ወረርሽኝ ነበሩባቸው። ጂን በዚያ ሁሉ ላይ የተጨመረ፣ ከመከራው ለማምለጥ የተጠጣ፣ መከራውንም ያባዛ ነበር።

3. ሐኪሞቹ ዛሬ ምን ይላሉ?

የ1726ቱ ሐኪሞች በዓይናቸው ያዩትን እንጂ ምክንያቱን አያውቁም ነበር። ማስረጃው ቆይቶ መጣ። በ1968 በፈረንሳይ፣ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሲያትል የነበሩ ተመራማሪዎች ከጠጪ እናቶች የሚወለዱ ልጆች ላይ ተመሳሳይ የፊት ገጽታ፣ የዕድገት መቀጨጭና የአእምሮ ጉዳት መኖሩን ጻፉ። እናት ስትጠጣ አልኮሉ በእትብት በኩል ለጽንሱም ይደርሳል። ያልተወለደ ሕፃን ደግሞ «አልፈልግም» ማለት አይችልም።

በ1988 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጦችን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገባ። አልኮል ሰውነታችን ውስጥ ሲፈጭ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይቀየራል፤ እሱም የሴሎቻችንን ዘረ መል ይጎዳል። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የሴቶች የጡት ካንሰር ከመጠጥ ጋር የተያያዙ ናቸው።

«ለልብ ጥሩ ነው» የሚለውስ? ይህ ወሬ ከባዶ አልተነሳም። ቀደም ያሉ ጥናቶች ትንሽ የሚጠጡ ሰዎች ጭራሽ ከማይጠጡት የተሻለ የልብ ጤና እንዳላቸው ያሳዩ ነበር። በኋላ ግን ንጽጽሩ ላይ ችግር ተገኘ። «የማይጠጡ» ከተባሉት መካከል ታመው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ነበሩበት። የታመመን ከጤነኛ ጋር ብታወዳድር ጤነኛው መብለጡ አይቀርም። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ግልጽ አድርጓል።

ድርጅቱ በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 298 ሺህ ያህሉ በመኪና አደጋ ነው። ከ298 ሺዎቹ 156 ሺህ ያህሉ የሞቱት ሌላ ሰው በጠጣው ነው። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ከግማሽ በላዩ የሌላውን ሰው ብርጭቆ ዋጋ የከፈሉ ናቸው።

4. ጉዳቱ በመሬቱም ላይ ነው

ስለ ጎተራው ካነሳን ወደ አገራችን እንመለስ። የለንደኑ ሂሳብ እኛ ዘንድም አለ፤ እንዲያውም እኛ ዘንድ ደኑ ተጨምሮበታል።

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ የለም። እህሉ፣ ብቅሉና ጌሾው ተደፍድፎ ይሰነብታል። ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ አረቄ ይሆናል። ዳግም አረቄ ሲፈለግ ያው ሥራ ይደገማል። እሳቱ ለሰዓታት መንደድ አለበት፤ የሚነደው ደግሞ እንጨት ነው።

አርሲ ነጌሌ በአረቄ የታወቀች ከተማ ናት። አካባቢዋ ደግሞ እንደ ዝግባ ያሉ ነባር ዛፎች የሚገኙበት የሙኔሳ ደን አለ። ለአረቄ ማውጫ የሚሆን ማገዶ ደኑን ከሚያራቁቱት ነገሮች አንዱ መሆኑን በቦታው ያጠኑ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዝግባ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። አንዱ ሰው ማታ የጠጣው ጠዋት ከጭንቅላቱ ይወጣል፤ የተቆረጠው ዛፍ ግን በልጅ ልጁ ዘመንም ላይተካ ይችላል። ጎርፉና የምንጩ መድረቅ የሚደርሰው ከደኑ ግርጌ ለሚያርሰው ገበሬ ነው።

አረቄ የምታወጣዋን እናት ለመውቀስ አልጻፍንም። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሌላ መንገድ ያጡ ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጭሱን በዓይናቸውና በሳንባቸው የሚውጡትም እነሱ ናቸው። ከሰንሰለቱ ትንሹ ትርፍና ትልቁ ሕመም የእነሱ ነው።

ቢራስ? ፋብሪካው ማገዶ አይቆርጥም ይባል ይሆናል። ግን ገብሱ መሬትና ውሃ ይፈልጋል። የውሃ አሻራን የሚያሰሉ ባለሙያዎች ለአንድ ሩብ ሊትር ቢራ 75 ሊትር ገደማ፣ ለአንድ ትንሽ ብርጭቆ ወይን ደግሞ 110 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚወጣ አስልተዋል። አብዛኛው ውሃ የሚሄደው ሰብሉን ለማብቀል ነው። እርግጥ ቡናችንም እንጀራችንም ውሃ ይጠጣሉ። ልዩነቱ እንጀራ ሰውን ማቆሙ፣ ኸምር ግን ሰውን መጣሉ ነው። ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትሄድ እህት ባለችበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

5. ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው ቢራን ከድግስ፣ ከኳስና ከአገር ፍቅር ጋር አጣብቆ አሳደገን። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ለንደን በ1736 እንዳየችው ሕግ ብቻውን አይበቃም። መዲና ላይ ኸምሩን ያስደፋው የተዘጋጀ ልብ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። «የእኛ ልጆች አይጠጡም» ብለን የምንተኛ ከሆነ እየተታለልን ነው። በየከተማው ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር በሚል «ጨብሲ» የሚገቡ ልጆች የእኛም ሰፈር ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ጁሙዓ እንኳ መምጣት ያቆመው እምነቱ ስለጠፋ አይደለም፤ ሰው «እሱ እኮ ይጠጣል» ብሎ ሲያንሾካሹክበት ስለሰማ ነው።

ለእነዚህ ወንድሞች አንድ ታሪክ እናስታውስ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ደጋግሞ የተቀጣ አንድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ዳግም ተይዞ ሲመጣ ከሰዎቹ አንዱ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዳይረግመው ከለከሉት፤ ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቡኻሪ ዘግበውታል። ሐራሙ ሐራም ነው፤ ሰውየው ግን ከጀመዓው አልተጣለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ የምትጠጣ ወንድሜ ሆይ! የመስጂዱ በር ለአንተም ክፍት ነው። ለማቆም ስትወስን ብቻህን አትሁን። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ በሐኪም እርዳታ አቁም። ሐኪም ማማከር ከተውባ ጋር አይጋጭም።

ሁለተኛ፣ የማትጠጡ ወጣቶች! የሚጠጣ ጓደኛችሁን አትሽሹት፤ አብራችሁትም አትቀመጡበት። ከዒሻ በኋላ ያለውን ሰዓት በደርስ፣ በስፖርት፣ በሥራ ሙሉለት። ባዶ ሰዓት ነው ወደ ጨብሲ ቤት የሚመራው።

ሦስተኛ፣ የጀመዓ አባቶችና ባለሀብቶች! ከአረቄ ጉልት መውጣት ለምትፈልግ እናት ከምክር በፊት ሌላ መተዳደሪያ ያስፈልጋታል። ሙስሊም ትሁንም አትሁን ጎረቤታችን ናት፤ ሶደቃችን ይድረሳት።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስና እናብቃ። አዎ፣ ጥቅም አለው። ለባለመሬቱ፣ ለፋብሪካው፣ ለካዝናው ጥቅም ነበረው፤ ዛሬም አለው። ጉዳቱን የሚከፍሉት ግን ያልተወለደው ሕፃን፣ መንገድ የሚሻገረው እግረኛ፣ ጭስ የሚውጠው ዓይን፣ የተቆረጠው ዝግባ ናቸው። አላህ ጥፋቱ ይበልጣል ያለን ይህንን ሁሉ ደምሮ ነው።

አላህ አእምሯችንን ከሚሸፍን ነገር ሁሉ ይጠብቀን። በሱስ የተያዙ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ነፃ ያውጣልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።